ማስትሮ መርዕድ አድማጭ ያገኘበት ቀብር

ሞቼ ልገኝ አንዲት ቃል ከዋሸሁ! ማስትሮ መርዕድ ኦርኬስትራውን እየመራ ሳለ፣ በዜማው ሁለተኛ ክፍል መሀል ላይ የአዳራሹ ባዶ ወንበሮች ተነሥተው ወጡ። አልተጋፉም። ረድፍ በረድፍ፣ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው የወጡት። ሰው የተቀመጠባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ቢሆኑ የተቀመጠባቸው ሰው እንቅልፍ ጥሎት ስለከበዳቸው እንጂ መሄዱን ጠልተው አይደለም።

ማስትሮው ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ፣ ቢራቢሮ ክራባት ካንገቱ የማይለየው ሰው ነበር። ሕዝቡን ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር አስተዋውቃለሁ ይላል። ሕዝቡ መተዋወቁን አልፈለገውም። የበላይ ኃላፊውም፣ "አንድ ቀን እንኳ ሰው ሞልቶ ካላየሁ ኦርኬስትራውን እበትነዋለሁ" ብሎታል።

"ሰው አዳራሽ ካልመጣልኝ እኔ እሄድለታለሁ" አለና መሣሪያውንም ተጫዋቹንም ጭኖ አንድ ሰፈር ሜዳ ላይ ወረደ። ገና ጎሕ ሲቀድ ትራምፔቱ ብቻውን እንዲጀምር ምልክት ሰጠ።

በዚያ ሰፈር በማለዳ ጥሩምባ የሚነፋው እድሩ ነው፤ የሚነፋውም ሰው ሲሞት ነው። ሰፈሩ ጥቁሩን ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፤ አግዳሚ ተደረደረ። ማስትሮው ዞር ብሎ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ክራባቱን አስተካከለ። ቀስ ያለውን ክፍል አስጀመረ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ባሕር ማዶ እንኳ ሙዚቃ እንዲህ የገባው አድማጭ አላየም።

የእድሩ ዳኛ ባሻ ወልደሰንበት ጠጋ አሉት።

"ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ። የሞተው ማነው?"

ማንም አልሞተም ቢል ድንኳኑ ሊነቀል ነው።

"ዜማውን የደረሰው ሰውዬ" አለ።

"መቼ አረፈ?"

"ሁለት መቶ ዓመት ሆነው።"

"ኧረ በሕግ አምላክ! እስከ ዛሬ ሳትነግሩን?" ብለው ጮኹ እማማ ትርንጎ፣ የአልቃሾቹ አውራ። "ምን ዓይነት ጨካኞች ናችሁ! ዘመድ የለውም?"

"እኔ አለሁ" አለ ማስትሮው ደረቱን ነፍቶ።

"አንተ ደግሞ! ሐዘንተኛ በቢራቢሮ ያጌጣል?" ብለው እማማ ትርንጎ ክራባቱን ካንገቱ መነጨቁት።

ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ሳጥን መጣ። ባሻ ሳጥኑን በከዘራቸው አንኳኩት። ባዶ ነው።

"አስከሬኑስ?"

"እሱ እንኳ አይመጣም።"

"ታዲያ ባዶ ሳጥን ቀብረን የአገር መሳቂያ እንሁን? በል፣ ሰዉን ወደ ቤትህ ግባ ልበለው።"

ማስትሮው ሕዝቡን ቃኘ። ሜዳው ጢም ብሏል። የሚያንቀላፋ የለም። ያ የበላይ ኃላፊ ሳይቀር ከፊት ቆሞ መሀረቡን ይጨምቃል።

"እኔ ብገባበትስ? እስከ መጨረሻው ይቆያሉ?"

"ቀብር ረግጦ የሚሄድ ባለጌ እዚህ ሰፈር አልተወለደም።"

"በክፍሎቹ መሀል አያጨበጭቡም?"

"ቀብር ላይ?!" አሉ ባሻ ተቆጥተው።

ማስትሮው እፎይ አለ። ጫማውን አራግፎ ገባና በጀርባው ተኛ። ሸሚዙን አስተካከለ። ክዳኑን ሲገጥሙበት "ፈጠን አትበሉ" ሲል ተሰማ፤ ለቀባሪዎቹ ይሁን ለቫዮሊኖቹ አልታወቀም። ዝናብ እያካፋ ሳጥኑ ወረደ፤ አፈሩ ተመለሰ። ሕዝቡ የመጨረሻው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማንም አላሳለም። ኃላፊው ዓይኑን ጠርጎ ኦርኬስትራው እንዳይበተን እዚያው አዘዘ።

እንግዲህ ሳልናዘዝ አልቀርም፤ ዝናቧን ከራሴ ጨምሬያታለሁ። ያን ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አፈሩም ደረቅ። ደረቅ ስለሆነም በደንብ ይታያል። ዛሬም ተጫዋቾቹ ሊጫወቱ መቃብሩን ከበው ሲቀመጡ፣ አፈሩ በግራና በቀኝ፣ የማስትሮው እጆች ባሉበት በሁለት ቦታ፣ ምቱን ጠብቆ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እነሱም ዓይናቸውን ከዚያ አይነቅሉም።