በጉልበት የተከፈተው በር

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ሥራዬ ትርጉም ነው።

ሌቦች ሱቁን የዘረፉት ዕለት፣ ጠዋት የኢንሹራንሱን ውል ይዞ ቢሮዬ ከች አለ። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው።

«እትዬ፣ የስፌት መኪኖቼን ጠራርገው ወሰዷቸው! ይከፍሉኛል? ካልከፈሉኝ አለቀልኝ፣ ሱቁን መዝጋቴ ነው።»

አነበብኩለት። ካሳ የሚከፈለው ሌቦቹ የገቡበት መንገድ «ፎርሲብል» ከሆነ ብቻ ነው ይላል።

«ምን ማለት ነው?»

አይ እኔ! ቃል ሲጠይቁኝ አላሳጥርም። «ስለ ሰው ንግግር ከሆነ ጠንከር ያለ፣ የሚያሳምን ማለት ነው። ስለ በር ሲሆን ግን በጉልበት የተከፈተ ነው። በራስህ ቁልፍ ወይም ክፍት በር አግኝተው ከገቡ አይከፍሉህም» አልኩት። ምን ያህል ጉልበት እንደሚበቃ ልነግረው ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ብደውል አያነሳም።

ከሰዓት የኢንሹራንሱ መርማሪ መጣ። ቋንቋችንን ስለማያውቅ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ሱቁ ስንደርስ በሩ በር መሆኑ ቀርቷል፤ ፍልጥ በፍልጥ ሆኗል። ወንድሜ በላብ ተጠምቆ ቆሟል፤ ፀጉሩ ውስጥ የእንጨት ስንጥር አለ። ደሜ ፈላ።

መርማሪው በሩን ማን እንደሰበረው ጠየቀ። ተረጎምኩለት።

«ሌቦቹ ናቸዋ!» አለ ወንድሜ፣ ዓይኔን እየሸሸ።

«ይቺን ውሸት በእኔ አፍ አታስወራትም።»

«እትዬ፣ በሞቴ!»

«ብትሞትም አልላትም።»

መሬት መሬቱን አየ። «እሺ፣ እኔ ነኝ በይው። በመጥረቢያ። መኪኖቹን ግን ሌባ ነው የወሰዳቸው፤ እግዜር ያውቃል።»

እንዳለ አስተላለፍኩ። መርማሪው አልተቆጣም። በሩ ከመሰበሩ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ብቻ ጠየቀ።

«ደህና ነበር። ቁልፉ አጠገብ በካቻቢቴ የተፈለቀቀች ትንሽ ቦታ ነበረች እንጂ። ያቺን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል ብዬ ነው…»

መርማሪው መጻፉን አቆመ። ቦታዋን ያየ ሰው ወይም የተነሳ ፎቶ እንዳለ ጠየቀ። የለም። እንዳዘነ ነግሮኝ ቦርሳውን ዘግቶ ሄደ።

«ምን አለ?» አለኝ ወንድሜ።

ባልነግረው በወደድኩ። «ያቺ ትንሿ ትበቃህ ነበር አለ። መፈልቀቅም ጉልበት ነው።»

ተንበርክኮ ፍልጦቹን አንድ በአንድ እያነሳ ማገላበጥ ጀመረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ልለው ነበር፤ አንጀቴ አልችል አለ። ቀሚሴን ሰብስቤ አጠገቡ ተንበረከክሁና ያቺን የተፈለቀቀች ቦታ አብሬው መፈለግ ያዝሁ።

«ተይው እትዬ፣ አትድከሚ» አለኝ። «መጀመሪያ የመታሁት እሷኑ ነው።»