የፋማው አህያ የማን ናት?

ከግንቡ ማዶ ዱላው ሲያርፍ ሙዋናሻ ለሽያጭ የምትጠብሰውን ጣፋጭ ዳቦ፣ ማሃምሪውን፣ ከዘይቱ ማውጣት ትረሳለች። ዛሬም ሦስቱ አረሩባት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ከአስር ሶላት በኋላ ጓ፣ ጓ፣ ከዚያ የጎረቤቷ አህያ ማቃሰት፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ይብስባታል። መቀመጥም መቆምም አልሆንላት አለ።

ጎረቤቷን ፋማውን አንድ ቀን በር ላይ ይዛው ነበር። ለግንበኞች ከባሕሩ ዳር ድንጋይ በአህያ የሚያመላልስ ሰው ነው።

«ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

«አክስቴ፣ እኔ ማሃምሪዎ ለምን አረረ ብዬዎት አውቃለሁ?» ብሎ ሳቀባት።

ወደ ሰፈሩ ሽማግሌ ሄደች። «ቤትሽ እሳት ቢነሳ ውሃ ይዞ የሚደርስልሽ እሱ ነው፤ ቻዪው» አሏት። ቻዪው ማለት ለማይደበደብ ሰው ቀላል ነው።

ቅዳሜ ፋማው ሥራውን ሲጨርስ፣ እንደ ላሙ ደሴት ሰው ሁሉ፣ አህያዋን ወደ መንገዱ ለቀቃት። አህያዋ የማንጎ ልጣጭ ፍለጋ ሙዋናሻ ደጃፍ መጣች። ጀርባዋ ላይ ጆንያ ተለጥፏል። ሙዋናሻ ጫፉን ገለጥ ስታደርገው ቆዳው አብሮ ተነሳ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። እሷ ግን ጌታውን ፈራችና አህያዋን ይዛ ሄደች። የምትከናነበውን ጨርቅ፣ ለሶዋን፣ ከትከሻዋ አውርዳ አህያዋ አንገት ላይ አሰረችና በጠባቦቹ መንገዶች ጎተተቻት። በዚህች ደሴት የሰው አህያ መንዳት ሌብነት ነው። ሌባ ከተባለች ደግሞ ማሃምሪዋን ማንም አይቀምስላትም። ያገኛት ሁሉ «ፋማው ሸጠልሽ እንዴ?» ሲላት ሳትመልስ አለፈች።

የአህዮቹ ሐኪም ቤት ደጅ ወንዶች ተሰልፈዋል። ሐኪሙ ካሪሳ ከዋናው ምድር ከመጣ ወር አልሞላውም። ጆንያውን በውሃ እያራሰ ሲያላቅቀው ፊቱ ተለወጠ።

«ባለቤቷ ማን ነው? ባለቤቷ ሳይፈቅድ እጄን አላስገባም።»

የአህያ ጆሮ በየቤቱ ምልክት ይቆረጣል፤ የግራ ጆሮዋ ላይ ያለው የፋማው መሆኑን ከሐኪሙ በቀር የማያውቅ የለም። ማንም አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም።

«የእኔ ናት» አለች ሙዋናሻ።

«የእርስዎ? አያፍሩም? ፈጣሪን አይፈሩም? በዚህ ቁስል ላይ ያስጭናሉ?»

አንገቷን ደፋች። አርባ ዓመት ማሃምሪ ስትሸጥ ክፉ ቃል ያልወጣባት ሴት በወንዶች ፊት እንደ ሕፃን ተገሠጸች።

ይኼኔ ፋማው እየሮጠ ደረሰ። «አህያዬን ማን...» ብሎ የተገለጠውን ጀርባ ሲያይ ቆመ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለ ካሪሳ። «እንዲህ ያደረጓት እኚህ ሴትዮ ናቸው። ታውቃቸዋለህ?»

ሰልፈኛው ሁሉ ወደ ፋማው ዞረ። የእኔ ናት ካለ ሙዋናሻ ሌባ ናት፤ ከተናገረ ግን ቁስሉም የእሱ ነው።

«ጎረቤቴ ናቸው።»

«አህያዋስ?»

ፋማው መሬት መሬት አየ። «የሳቸው ናት» አለ።

ካሪሳ መርፌ ወጋት፣ ቁስሉን አጠበ፣ ሁለት ወር ጭነት እንዳይነካት አዘዘ። ሙዋናሻ አህያዋን እየመራች ስትመለስ ፋማው ከኋላ ይከተላል። የሳምንቱን ስድብ አፏ ውስጥ አዘጋጅታ ጠበቀችው።

በሯ ላይ ሲደርሱ «አክስቴ» አላት።

«ምን ልትል ነው?»

«የጉድጓዱን ውሃ አትጠጣም፤ ጨው ይላታል። ከመስጊዱ ነው የምቀዳላት።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ይህን የምታውቅ ሰው ምነው ትደበድባታለህ?»

«ስትቆምብኝ ነዋ! እሷ ስትቆም የልጆቼ ምሳ ይቆማል። ነገ ድንጋዩን ማን ሊሸከምልኝ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» ብላ አህያዋን ደጃፏ ላይ አሰረችና በሩን በላዩ ዘጋችው። ገብታም አላረፈች። ውሃውን ከመስጊዱ ስትቀዳም፣ ሊጡን ስታቦካም የልጆቹ ቁጥር ከአእምሮዋ አልወጣም፤ አራት ናቸው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከደጅ የማቃሰት ድምፅ ሰማች። ደንግጣ ወጣች። አህያዋ ጥላው ሥር ቆማ ልጣጭ ታኝካለች። የሚያቃስተው ፋማው ነው፤ ድንጋዩን ባዶ ትከሻው ላይ አድርጎ ግንቡን ተደግፏል።

ተናዳ ወደ ውስጥ ተመለሰች። የቀረላትን አንድ ለሶ አራት ቦታ አጥፋ ይዛ ወጣች።

«ጎንበስ በል» አለችው። «ከሥሩ ላድርግልህ፤ ይልጥሃል።»