እኔ ስሰፋ፣ እሱ ሲሰፋ

የባሌ የሥራ ሱሪ ሰባት ዓመት ሙሉ ልኩ ሆኖ የኖረው እኔ ስለዋሸሁ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር። ሱሪው ጠበብ ማለት ሲጀምር፣ ላጥብ ብዬ እወስድና የኋላ ስፌቱን ተርትሬ አንድ ጣት ያህል እለቀዋለሁ። ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅ ከአሮጌ ሱሪ ቆርጬ ጨመርኩበት። እኔ ስሰፋ እሱ ሲሰፋ እዚህ ደረስን።

የጀመርኩት አንድ ተሳፋሪ «ሹፌሩ የሁለት ሰው ትኬት ይቁረጥ!» ብሎ አውቶቡሱን ሙሉ ባሳቀ ማግስት ነው። ቀልዱን እቤት መጥቶ ለእኔም ነገረኝ፤ አብሮኝ ሳቀ። ራቱን ግን አልበላም። ጠዋት ከሱሪው ቁልፍ ጋር ትንፋሹን ይዞ ሲታገል ሳየው አንጀቴን በላው።

ባለፈው ማክሰኞ በእኩለ ቀን ከች አለ። በዚያ ሰዓት መጥቶ አያውቅም።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ትንሽ ሸለብ አደረገኝ። ከኋላ ጥሩምባ ሲያምባርቁብኝ ነቃሁ። አለቃዬ ሂድ እረፍ ብሎ ላከኝ።»

«ሰው ጭነህ?»

«ሰው ጭኜ» አለና ዓይኑን ሰበረ።

ነጠላዬን አነሳሁ። «ተነስ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለህ። ጉልበቴን ትላለህ። ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ቁርጥ ይልና እስኪመለስ የእኔ ነፍስ ትወጣለች።»

«መርፌዬ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ። ወፈርኩ እንዴ? ሱሪዬ ያው የድሮው ሱሪዬ አይደል!»

መርፌ የሚለኝ ቅጥነቴን አይቶ ነው። ያን ቀን ግን መርፌነቴ ራሴን ወጋኝ። እንዳላሳፍረው ብዬ ልቀብረው ነው!

«አውልቀው» አልኩት።

ሱሪውን ገልብጬ ጭኔ ላይ ዘረጋሁለት። «ይሄ የዛሬ ሰባት ዓመቱ ነው። ይሄ የካቻምና። ይሄ የአምና። ይሄና ይሄ የዘንድሮ።» ስፌቱን በጣቱ እየዳበሰ ከላይ እስከ ታች ሄደበት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ራትህን እንዳትተው ፈርቼ» አልኩና አለቀስኩ።

ሱሪውን ቀስ ብሎ አጣጠፈው። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር፣ ግን አልጮኸም። «በይ ሌላ ሱሪ ስጪኝ» አለ በመጨረሻ። «በፓንት ጤና ጣቢያ አልሄድም።»

ሐኪሟ ረጋ ያለች ወጣት ናት። የደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፤ ስኳሩም ወደ ላይ ማለት ጀምሯል። ስለ ሥራው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ አንድ በአንድ ጠየቀችው። መልሶ ሲጨርስ «እንግዲህ ሆዳም ነኝ ማለት ነው» አለ።

«ማን አለ? ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ። ሆድዎ ባዶ ውሎ ማታ አንዴ ይበላሉ፤ እንቅልፍ እንዳይጥልዎት ለስላሳ ይጠጣሉ። እናትዎም እንዲሁ ነበሩ ብለውኛል፤ በዘርም ይመጣል። ሲተኙ ደግሞ ጉሮሮዎ እየተዘጋ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ተኝተውም አልተኙም። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ ምግብ ምግብ ይለዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም። ይታከማል። የእንቅልፍ ምርመራ እጽፍልዎታለሁ። እሱ እስኪታይ ግን መሪ አይጨብጡም።»

ባሌ አንገቱን ደፋ። መሪ ማለት ለእሱ ሁለተኛ ሚስቱ ነው፤ አውቃለሁ፣ ቀንቼበትም አውቃለሁ። እጁን ያዝኩት። «እሺ» አለ፣ በጭንቅ።

ሐኪሟ ሜትር አንስታ ወገቡን ልትለካ ተጠጋች።

«እሷ ትለካኝ» አለ ወደ እኔ እያየ። «ሥራዋ ነው።»

ዙሪያውን ለመድረስ ማቀፍ ነበረብኝ። ሆዱን ሳብ አደረገ።

«ልቀቀው» አልኩት በጆሮው።

ለቀቀው። ቁጥሩን አየሁት። ትንሽ ልቀንስለት ቃጣኝ፤ እውነቴን ነው፣ አራት አምስት ሴንቲ ብቀንስ ማን ያውቃል? እሱ ግን ያውቀኛል።

«ጮክ በይ» አለኝ። «እኔም ልስማው።»

«መቶ ሃያ ስድስት» አልኩ።