ዘይቷን የምትዘራው መኪና

ቡሽራ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ አንድም ምሳሌ አልተናገረም። ድሮ ቢሆን ለዚያ ስንጥቅ ብረት ስም አውጥቶለት፣ ሰፈሩን አስቆት፣ ገና ሥራ ሳይጀምር ሻይ ተጋብዞበት ነበር።

"የአክስሉ ቤት አይሆንም" አለ ብቻ። "ዲፈረንሻሉን የያዘው ሆዱ ተሰንጥቋል። በብየዳ ላይ ብየዳ ነው፣ ከእንግዲህ አይዝም። ከነቤቱ ይቀየር።"

"እሺ።"

"እናትህስ?"

"እሷ አይነካም ብላለች።"

ቀና ብሎ አየኝና መልሶ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ወንድሜ ሲር ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ፉል ሲቀርብልኝ እበላለሁ፣ አልጋ ሲነጠፍልኝ እተኛለሁ፣ ሰው ሲስቅ ምን እንዳሳቀው አልጠይቅም። እናቴ "ኸለፍ፣ አንተ ደግሞ መቼ ነው የምታለቅሰው?" ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ!

እዚህ አቡ ሐመድ ከተማ ሰው የሚፈራው ዓይን አይደለም፣ ምላስ ነው። አፈኛ ሰው አይቶህ "እንዲህ ትመስላለህ" ካለና ነገሩ ልክ ከመጣ፣ ሰዉ ይስቃል፣ አንተ ግን ወዮልህ፤ ያለው ይደርስብሃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው አተኩሮ ሲያይህ ጀርባህን ትሰጠዋለህ፣ ወይም "በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዝም በል!" ትላለህ። ቡሽራ ከአፈኞቹ አንደኛ ነበር። የጎረቤቱን አዲስ ግመል አይቶ "ከዘራው የጠፋበት ሽማግሌ" አለው፤ ሳምንት ሳይሞላው ግመሉ አነከሰ። እውነት ይሁን አጋጣሚ እኔ እንጃ። ግመሉ ሲያነክስ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ሰዉ ይወደዋል፤ በዕድሜ አባታችን ቢሆንም አንቱ የሚለው የለም።

ባለፈው በጋ ሲር በርሜሎቹን ውሃ ሞልቶ በረሃ ወዳሉት ወርቅ ቆፋሪዎች ሊሄድ ሲል ዘይት ለማስጨመር ቡሽራ ጋራዥ በር ላይ ቆመ። ቡሽራ ከኋላ አክስሉ ሥር አሸዋው ላይ የወደቁትን ጠብታዎች አያቸው።

"ሲር፣ ይቺ መኪናህ የተቀደደ ጆንያ ማሽላ የተሸከመች አሮጊት አትመስልም? ብትጠፋ እንኳ ዶሮዎቹ ያገኟታል!"

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ሲር ነው። "ስመለስ ትበይድልኛለህ፣ አንተ አፈ ቢላ!" ብሎ ነድቶ ሄደ።

ውሃውን አድርሷል። ሲመለስ አቧራ ተነሣ፣ መንገድ ሳተ፣ ዘይቱ ተንጠባጥቦ አለቀ፣ የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ተበልተው የኋላ ጎማዎቹ አልዞር አሉ። በርሜሎቹ ባዶ ነበሩ። ለሰው ውሃ ሲያመላልስ ኖሮ ለራሱ ጉንጭ የሚያርስ አልነበረውም። እኛ ፈላጊዎቹ ጠጠሩ ላይ የቀሩትን ጥቁር ነጠብጣቦች እያየን ተከተልን። እየተራራቁ ሄዱ፣ ከዚያ ጠፉ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ መኪናዋ ቆማለች። ሲር ጥላዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጫማውን አውልቆ፣ መስጊድ በር ላይ እንደሚደረገው፣ ጎን ለጎን አስቀምጦታል።

ካፍ የወጣ አፋፍ። ቡሽራ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ እናቴ ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው አፉን ለጎመ። ጋራዡ ሰው አይሰበሰብበትም፤ ቢሰበሰብስ ምን ሊሰማ?

መኪናዋ ጎትተን ያመጣናት ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ቆመች፣ ቆማም ቀረች። አሁን ግን ቤታችን የሚበላ ነገር የለም። ወይ እኔ ውሃ አመላልሳለሁ፣ ወይ ጉድጓድ ወርጄ ወርቅ እቆፍራለሁ። ለዚህ ነው ቡሽራን የጠራሁት። እሱም ዋጋውን ሳይጠይቀኝ ከዐጥባራ ከተማ ድረስ ሙሉውን አክስል ከነቤቱ አስመጥቶ፣ በአህያ ጋሪ አስጭኖ በራችን ላይ አራገፈው።

እናቴ ሲታና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

"ኸለፍ፣ ለሰውየው ንገረው" አለች። "ጥርሶቹን ይቀይር፣ ቤቱን ይተወው። ይንጠብጠብ።"

"እማ፣ አጠገብሽ ቆሟል እኮ።"

"አጠገቤ ሰው አላይም።"

ቡሽራ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሲታና፣ እህቴ፣ ልጅሽን የገደለው ዘይቱ ነው። ሁለተኛውን በዚሁ ብረት ልልከው አልችልም።"

"ዘይቱማ ልጄን አመጣልኝ በለው! ባይንጠባጠብ ጅብ በልቶት ይቀር ነበር። የምቀመጥበት መቃብር ያገኘሁት በዘይቱ ነው። የገደለውስ ሌላ ነው። ማን እንደሆነም ያውቀዋል በለው።"

"እውነቷን ነው" አለ ቡሽራ፣ ለእኔ።

ሁለቱም እኔን አዩኝ። መናደድ ነበረብኝ፣ ወይ ማልቀስ። ከሁለቱም አንዱም አልመጣልኝም።

"ግጠመው ቡሽራ" አልኩ። "እማ፣ መኪናዋ ካልተሠራች ጉድጓድ እወርዳለሁ። እዚያ ከተናደብኝ ደግሞ የምትከተይው ጠብታም አታገኚም።"

ተነሥታ ገባችና በሩን ዘጋችው።

ቡሽራ በክሪክ አንሥቶ ጎማዎቹን ፈታ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር ያሠሩት ቡሎኖች ዝገው ነበር፤ በመዶሻ፣ በነጭ ጋዝ፣ በእርግማን እያልን አላቀቅናቸው። እርግማኑ የእኔ ነው፣ እሱ ዝም ነው የሚለው። አሮጌውን አክስል አውርደን ግድግዳ ሥር ጣልነው። ጎረቤቶቻችን ምሳሌ ሊሰሙ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። አንዷ አላስችል ብሏት "ምነው ቡሽራ፣ ዛሬ ምንም አልመጣልህም?" አለችው። እሱ ኩሽኔታ ያጥባል። አዲሱን ገጠምን፣ የፍሬኑን ቱቦ አገናኘን፣ ዘይት ሞላን። ሲጨርስ ጠብታ ካለ እንዲታይ ከሥሩ ካርቶን አነጠፈና "እስከ ነገ ይደር" ብሎ ሄደ።

ጠዋት በርሜሎቹን ስጭን ቡሽራ ሊያይ መጣ። እናቴ ደግሞ ከቤት ወጣች። ማንንም ሰላም ሳትል መኪናዋ ሥር ተንበረከከች፣ እጇን ሰድዳ የአክስሉን ሆድ በጣቷ ጠረገችው። ካርቶኑን አየችው። ጣቷን አየችው። ንጹሕ ነው።

"ደረቅ ነው" አለች።

"ደረቅ ነው እማ። ጥሩ ነው እኮ።"

"ታዲያ አንተን በምን ልፈልግህ?"

መኪናዋ ላይ ወጥቼ፣ በሩን ሳልዘጋ፣ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ግን እጇን መሬት ላይ አስደግፋ ተነሣችና ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች። ቡሽራን ፊት ለፊት አየችው፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ቡሽራ።"

"አቤት ሲታና።"

"አፍህ ይይዛል አይደል?"

"ዝም ብያለሁ እኮ!" አለ፣ ድምፁ ተሰበረ። "ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል ካወጣሁ አላህ ይ..."

"ዝም በል አላልኩህም! በአንዱ ልጄ ላይ ተናገርክ፣ ያልከው ደረሰ። ጠፋ፣ በጠብታው ተገኘ። አሁን ይሄኛውን እየው። የሚመለስበትን ተናገርበት።"

"አልችልም።"

"ትችላለህ። ዕዳ አለብህ።"

ቡሽራ ቀና ብሎ አየኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ፣ እንደ ድሮው አተኩሮ። ከልጅነት የለመድኩት ነውና ጀርባዬን ልሰጠው ቃጣኝ፤ ግን አልዞርኩም። ጎረቤቶቻችን ዛሬም አጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገዋል።

"ይሄ ልጅሽ..." አለ በመጨረሻ፣ "ይሄ ልጅሽ የሻይ ቤት ዝንብ ነው። እፍ ቢሉት፣ በፎጣ ቢያባርሩት፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ብርጭቆ ላይ!"

ከአጥሩ ኋላ አንዷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላዋ። እኔም ሳቅ ይሁን ልቅሶ ሳልለየው ዓይኔ እንባ ሞላ።

እናቴ አልሳቀችም። የመኪናዋን በር በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ከቡሽራ አፍ ላይ ሳትነቅል፣ "ድገመው" አለችው።