ማሳው ውስጥ የተቀበረው ጨርቅ

ጎረቤቶቹ «ጠርጥር» የሚሉት በከንቱ አልነበረም። ሰላምታ ቢሰጡት እንኳ ከኋላው ምን ይከተላል ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ ነው። የአበዳሪው ድርጅት ባለሙያ፣ ያቺ ቀጭን ልጅ፣ ማሳው መሀል ቆፍራ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ስትቀብር ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም።

«አባባ፣ ይቺ መፈተኛችን ናት» አለችው። «ማረሱንና የፋብሪካ ማዳበሪያውን ትተው አፈሩን በአረንጓዴ ተክል ሸፍነው ሲይዙት፣ መጀመሪያ ምርቱ ይቀንሳል። ጉድለቱን በብድር እንሸፍናለን። አፈሩ ነፍስ ከዘራ ጨርቁን ይበላዋል፤ ያኔ የከርሞውን ገንዘብ እንለቃለን።»

«መሬቱ ጨርቅ ሲበላ እኔስ ምን ልበላ?»

«እሱን እኮ ነው የምናበድርዎት።»

«ካልበላውስ?»

«ስምምነቱን አልጠበቁም ማለት ነው። የከርሞው ይቀራል።»

እሱ ደግሞ ብድሩን ተማምኖ በሬዎቹን ሸጧል።

የሞተር ብስክሌቷ አቧራ ሳይሰክን ለሚስቱ፣ «በሰው መሬት ዕቃ የሚቀብር፣ ነገ ድንበሬ ነው ማለቱ አይቀርም» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ጥላህንም ፍርድ ቤት ትገትራለህ።»

አልሰማትም። ጨርቁን አውጥቶ ገልብጦ አየው፤ ማኅተም የለው፣ ጽሑፍ የለው። ወስዶ ፍራሽ ሥር ሸሸገው። ከጉድጓዱ አጠገብ ደግሞ አሮጌ የጥጥ ሸሚዙን ቀበረ፤ ክርክር ከመጣ የእሱም ምልክት ይገኝ ብሎ። ከዚህ በቀር የተባለውን ሁሉ አደረገ።

ከመኸር በኋላ ልጅቷ ልትመጣ መሆኗን ሲሰማ ሮጦ ጨርቁን መለሰው። ስትቆፍር እንደነጣ ወጣ፤ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም። አሸተተችው።

«አባባ፣ መሬትዎ ልብስ በሳሙና ያጥባል እንዴ?»

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ፍራሽ ሥር ቆሽሾ ሳገኘው እኔ ነኝ ያጠብኩት። ምን ላውቅ!»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ጨርቅ የደበቀ ሰው ማዳበሪያም በድብቅ አልበተነም ብዬ በምን ልመን?»

ጠርጣሪው ተጠረጠረ። በሬ የለ፣ ጎተራው ጎዶሎ። ዶማውን ተቀብሎ አጠገቡን ቆፈረ። ሸሚዙ የለም። ከጥቁሩ አፈር ጋር የወጡት ትሎች፣ የናይለን ክርና ጥቂት የፕላስቲክ ቁልፎች ነበሩ።

«ሸሚዜን በላው!» አለ፣ እንደ ከሳሽ።

ልጅቷ አፈሩን በእጇ ፈርፍራ አየችው። «ይሄ ይበቃኛል። የከርሞው ይለቀቃል» ብላ ቁልፎቹን ለማስረጃ በወረቀት መጠቅለል ጀመረች።

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ» አለ እጁን ዘርግቶ። «የእኔ ቁልፍ ለቢሮ ምን ይሠራለታል?»

ሚስቱ ወደ ሰማይ አየች። ተከራክረው ልጅቷ ወሰደቻቸው፤ አንዷን ግን እሱ «ለማንኛውም» ብሎ ኪሱ ከተተ።