በሁለት ልጆቻቸው እጅ

ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ከገባ ወዲህ አዴ ጉዴን የሚያስተኛቸው ከአምቦ የሚመጣው የሞርፊን ሽሮፕ ብቻ ነበር። እጃጂ ከተማ ባለው ቤታቸው ውስጥ የሚያስታምሟቸው ሁለት ልጆቻቸው ናቸው፤ መምህሩ ምትኩና ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጠው ሰሎሜ።

አንድ እሑድ ሰሎሜ ቸርች ልትሄድ ስትል እናቷ ሲያቃስቱ ሰማች። ሽሮፑን ለክታ ሰጠቻቸውና ወጣች። ምትኩ ከጓሮ ሲገባ ማቃሰታቸው አልቆመም።

«ሐርሜ፣ እናቴ፣ መድኃኒት ወስደሻል?»

ሕመሙ አደናግሯቸው አልወሰድኩም ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱም ሰጣቸው።

ሰሎሜ ስትመለስ የእናቷ ከንፈር ጠቁሯል፤ ትንፋሻቸው አንዴ መጥቶ ይጠፋል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ነርሷ ወርቅቱ የዓይናቸውን ብሌን ገልጣ አየች፤ የመርፌ ጫፍ አክሏል።

«ሞርፊን ስንቴ ሰጣችኋቸው?»

«አንዴ» አሉ ሁለቱም እኩል። ከዚያ ተያዩ።

ወርቅቱ አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭንብል ገጥማ የጎማውን ፊኛ እየጨመቀች አየር ትሰጣቸው ጀመር።

«ማርከሻ የለውም?» አለ ምትኩ።

«አለው፤ ናሎክሶን ይባላል። በመርፌ ነው የሚሰጠው። እኛ ጋ ግን የለም። ለጤና ጣቢያ አልተፈቀደም፤ ሆስፒታል ነው ያለው።»

«ሞርፊኑ እኮ ቤታችን ድረስ ተፈቅዷል!»

ወርቅቱ «እኔም ጠይቄ ነበር» ብቻ አለች። እጇ ከፊኛው አልተነሳም።

አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ሄዶ ነበርና ቆየ። ሲመጣ ሦስቱም አብረዋቸው ገቡ። ወደ ሆስፒታሉ ሲጓዙ የጌዶን ዳገት ላይ ወርቅቱ ጣቷን አንገታቸው ላይ አሳረፈች፤ ቆየችና ፊኛውን አስቀመጠች። ሰሎሜ ጮኸች።

ለቅሶ ላይ ጎረቤቱ «ከስቃይ አረፉ፤ ካንሰር እንደሁ አይምር» እያለ አጽናና። ሰው ሲበተን ሰሎሜ «ነግሬህ ብወጣ ኖሮ…» ብላ ጀመረች።

«ሁለተኛውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ጓሮ መሆንህን እያወቅሁ…»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ወርቅቱ በዞኑ የጤና ስብሰባ ላይ የሆነውን ተናግራ ማርከሻው ለጤና ጣቢያም ይፈቀድ ስትል ኃላፊዎቹ «ጥያቄሽን ለበላይ እናቀርባለን» አሏት። ይህንኑ ለልጆቹ ልትነግር ቤታቸው ስትሄድ ሰሎሜን ብቻዋን አገኘቻት።

«ምትኩስ?»

«ትምህርት ቤት ነው። አሁን አሁን ቤት መግባት አይወድም» አለች ሰሎሜ። «እኔም ና አልለውም። ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቶናል።»