ደጋግሞ የተላገው በር

አክስቷ የጠሯት ስለ ቀለም ሊያማክሯት ነበር። "ኮርኒሴ ላይ አንዲት ስንጥቅ ወጥታ ትስቅብኛለች፤ ምን ዓይነት ቀለም ብቀባት አፏን ትዘጋልኝ ይሆን?" አሏት በስልክ። ልጅቷ ትምህርቷን ከጨረሰች ገና ብዙም ያልቆየች የሕንፃ መሐንዲስ ናት። ቀለም የእኔ ሥራ አይደለም ልትል አስባ ነበር፤ ነገር ግን ለአክስቷ እንቢ ማለት አይሆንላትም። እንዲያውም ለማንም አይሆንላትም። ባትሪዋንና ውሃ ልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ቅዳሜ ጠዋት ሄደች።

አክስትየው የሚኖሩት ከልጃቸው፣ ከልጃቸው ባልና ከሁለት ትንንሽ ሴት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው። የቤቱ የታችኛው ወለል የቆየ ነው፤ ፎቁን ግን አማችየው በገዛ እጁ፣ በእንጨት ሠርቶ ጨምሮበታል። ይህን ሰውዬ ቤተሰቡ "ጣጣ የለውም" ይለዋል። ጣራው አፈሰሰ ሲሉት ጣጣ የለውም፣ ደረጃው ተነቃነቀ ሲሉት ጣጣ የለውም፤ አፉ ላይ ሌላ ቃል ያልበቀለ ይመስል።

"ኢንጂነሯ መጣች!" አለ በሩን እየከፈተላት። "ምነው ሄልሜትሽን ረሳሽ? ቤቴ እንዳይናድብሽ አትሰጊም?"

ፈገግ አለች። ቦርሳዋን ይዛ ገባች።

የአክስትየው መኝታ ክፍል ከቤቱ ሁሉ ሰፊው ነው። "ድሮ የልጆቹ ነበር" አሉ አክስቷ እየመሯት። "አምና እነሱን ወደ ጠባቧ ክፍል አስገብቶ ለኔ ለቀቀልኝ። እናት ማረፍ ያለባት በሰፊው ነው ብሎ። የኔ አማች እኮ ልቡ ወርቅ ነው።"

ልጅቷ ግን ደፉ ላይ ቆማ ቀርታለች። የበሩ ራስ አግድም አልነበረም፤ ከማጠፊያው ተነሥቶ ወደ መያዣው ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ሰው በመላጊያ ደጋግሞ ልጎታል። ውሃ ልኳን አውጥታ ከበሩ በላይ ባለው ጉበን ላይ ስታስጠጋው አረፋዋ ሮጣ ዳር ላይ ተለጠፈች።

"ይሄ በር ብዙ ጊዜ ተልጓል፣ ጋሼ?"

"እሱን ተይው። ዝናብ ሲሆን እንጨት ያብጣል፤ ሲያስቸግር እልገዋለሁ። ጣጣ የለውም።"

"በበጋስ? ሲደርቅ ክፍተት አይተውም?"

"ኧረ ምርመራ ጀመረች! እማማ፣ ይቺ ልጅ መሐንዲስ ናት ወይስ ፖሊስ?"

ያበጠ እንጨት ሲደርቅ ይመለሳል። ጉበኑ ራሱ ሲወርድ ግን አይመለስም፤ ከላይ የሆነ ነገር እየተጫነው ነው። ይህን በልቧ ይዛ ውሃ ልኳን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

ክፍሉ ውስጥ ትኩስ ቀለም ይሸታል፤ ከቀለሙ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ፣ ተዘፍዝፎ የተረሳ ልብስ ዓይነት። ልክ ከአልጋው በላይ፣ ኮርኒሱ ላይ በጄሶ የተሠራ ትልቅ አበባ ተለጥፏል። ስንጥቋ ከአበባው ሥር ወጥታ ወደ ግድግዳው ትሄዳለች።

"ከዚህ በላይ ምንድን ነው ያለው?"

"መታጠቢያ ቤታችን" አሉ አክስቷ። "ገንዳ አለው! እሱ ራሱ ነው የገጠመው።"

"ኮርኒሱ ቢከፈት ጥሩ ነበር" አለች ልጅቷ በማይሰማ ድምፅ።

"ትናንት የቀባሁትን?" አለ አማችየው። "እህቴ፣ ስለ ቀለሙ ብቻ ንገሪንና ምሳችንን እንብላ።"

"ይከፈት፤ ለዚህ አይደል የጠራኋት?" አሉ አክስትየው።

መሰላል ላይ ወጥታ አበባውን በጣቷ ጫን አለችው። አበባው እንደ ራሰ ዳቦ ሰርጉዶ ጣቷ ገባበት። ከዚያ ኮርኒሱ በአንድ ጊዜ ተገምሶ ወረደ። የሞቀ፣ የሳሙና ዝቃጭ ያለበት ውሃ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። የተድበለበለ ፀጉር፣ የበሰበሰ ጋዜጣ፣ በላዩ የሚርመሰመስ በረሮ አልጋው ላይ ተዘረገፈ። ከገንዳው የፍሳሽ ቱቦ ላይ ባለ ሰማያዊ መስመር ፎጣ ተጠምጥሞ አተላ ያንጠባጥባል። መሰላሉን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጠው የባሰውን አየች። ገንዳውን የተሸከመው ዋናው አግዳሚ እንጨት ልክ መሃሉ ላይ፣ ከሥር በኩል፣ ከግማሹ በላይ በመጋዝ ተቆርጧል፤ ቱቦው እንዲያልፍ። የተረፈው ጠቁሯል። በጥፍሯ ስትነካው ተፈረፈረ።

በዚህ መሃል ከላይ ውሃ ሲንዶቀዶቅ ተሰማ። የአክስቷ ልጅ ሴት ልጆቿን ልታጥብ ገንዳ እየሞላች ነው። እንጨቱ ሲጢጥ አለ።

"ውሃውን ዝጉ!" ጮኸች። በዚያ ቤት እንዲህ ስትጮኽ ሰምቷት የሚያውቅ የለም። "ልጆቹን አውጪያቸው! ገንዳውን እንዳትነኩት! አክስቴ፣ ከአልጋው ይራቁ!"

ከላይ ሩጫ ተሰማ፤ ውሃው ጸጥ አለ። አክስትየው ደረታቸውን ይዘው ግድግዳው ጥግ ቆሙ። አማችየው ግን መቼ እንደወጣ ሳይታይ ከበሩ ውጭ ነበር።

ወርዳ በባትሪዋ አሳየቻቸው። "አግዳሚ ሲሸከም ሆዱ ይለጠጣል፣ ጀርባው ይጨመቃል። ከሁሉ የሚጨነቀው መሃሉ ላይ ነው። እሱን ከሥር መቁረጥ ጅማቱን መበጠስ ነው። ቱቦ ማሳለፍ ግድ ከሆነ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ፣ ከእንጨቱ ወገብ ላይ፣ ከሆዱም ከጀርባውም እኩል ርቆ፣ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ያውም ተሰልቶ።" ከዚያ ባትሪው አንድ ነገር ላይ አረፈ። በተቆረጠው ላይ የላሜራ ቁራጭ በምስማር ተመትቷል፤ ምስማሩ ዝጓል። "ይሄ የዛሬ አይደለም። ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ተመልሶ ተዘግቷል።"

"መቼ ነው የከፈትከው?" አሉ አክስትየው።

"እሱማ... ልጆቹ እዚህ እያሉ፣ ትንሽ ጠብ ጠብ ሲልባቸው..." አለና ዋጠው።



"አይተኸው ነው ልጆችህን ያስወጣሃቸው" አሉ አክስትየው በዝግታ።

"እማማ ይሙቱ! እንዲያው ሰፋ እንዲልዎ ብዬ እንጂ... ላሜራም መትቼበታለሁ። ጣጣ የለውም።"

"እንግዲያው ግባና አልጋዬ ላይ ቁጭ በል።"

"እ?"

"ጣጣ ከሌለው ቁጭ በልና አስረዳኝ። እኔ ቆሜ እሰማሃለሁ።"

ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም። እግሩን ወደ ደፉ አነሣ፤ ቀና ብሎ የተቆረጠውን እንጨት አየና መልሶ አስቀመጠው። በዚያ በር፣ በገዛ እጁ እየላገ ባሳጠረው በር፣ መግባት አቃተው።

 አክስትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ግቢው ወጡ።

ልጅቷን የዝቃጩ ሽታ ያን ያህል አላቅለሸለሻትም። ሰውየውን ማየት ግን ከበዳት። ስለዚህ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ነገረችው፦ ማንም ላይኛው መታጠቢያ ቤት አይገባም፣ የገንዳው ውሃ በመስኮት በኩል በላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል፣ በሩ ተዘግቶ ይቆያል፤ ከቁርጡ ግራና ቀኝ ምሰሶ የሚያቆሙ ሰዎች ሰኞን ሳይጠብቁ ዛሬ ይጠራሉ፤ ከምሰሶው ሥርም ወለሉን እንዳይበሳ ሰፊ ጣውላ ይነጠፋል። አግዳሚው ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

"እኔው ላቆመው እችላለሁ" አለ።

"አይሆንም" አለች። ቃሉ ራሷንም አስገረማት።

ግቢ ወጥታ በውጭው ቧንቧ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ደግማ ታጠበች፤ ሽታው ከጥፍሯ አልለቅ አለ። ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። አማችየው ፎጣ ዘርግቶላት ቆሟል። ንጹሕ ነው፣ በደንብ ተተኩሷል፤ ቱቦው ላይ እንደነበረው ባለ ሰማያዊ መስመር።

አየችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና አክስቷ ወደተቀመጡበት ሄደች።